«የወታደሩ አባት»፡ ልጁን በጦርነት ያጣ አባት እንባና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጁ በጦርነት የሞተበት አባት በኀዘን ቤት ውስጥ የት እንደሚገኝ አስተውለን እናውቃለን? እናቲቱን ሴቶች ከበው ይዘዋታል፤ የልጇን ስም እየጠራች ታለቅሳለች፤ ስትደክም ይደግፏታል፤ ዝም ስትልም አብረዋት ዝም ይላሉ። አባትየው ግን ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ የሚመጣውን ሰው ይቀበላል፤ ከእድሩ ሰዎች ጋር ስለ ወንበሩና ስለ ንፍሮው ይነጋገራል፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ የሚያድርበትን ያመቻቻል። ዓይኑ እንደ ቀላ ያየ ወዳጁም ትከሻውን ያዝ አድርጎ «አይዞህ! አንተ ከወደቅህ ቤቱ በማን ይቆማል?» ይለዋል። ቃሉ ከፍቅር የወጣ ነው። ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ አባት እንባውን ይዞ የሚሄድበት ቦታ ያጣል። አንዳንዶችም ከዚህ አልፈው፣ ክርስቲያን በትንሣኤ ሙታን ስለሚያምን ማልቀሱ የእምነት ጉድለት ነው ሲሉ ሰምተናል።

በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ አባት እንነጋገራለን። መነሻ የምናደርገው አንድ የቆየ ፊልም ነው። ፊልም የትምህርተ ሃይማኖት ምንጭ እንዳልሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ጌታችን ከገበሬው፣ ከዓሣ አጥማጁና ከእረኛው ኑሮ ምሳሌ እየወሰደ አስተምሯልና የሰውን ልብ በእውነት የሚያሳይ ሥራ ሲገኝ ቆም ብሎ መመልከት ነውር አይሆንም።

ሽማግሌው የወይን ገበሬ

ፊልሙ «የወታደሩ አባት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 በጆርጂያ የተሠራ ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ድርሰቱን የጻፈው ሱሊኮ ዥጌንቲ ሲሆን ያዘጋጀው ሬዞ ችኼይዜ ነው። አባትን ሆኖ የተጫወተው ሴርጎ ዛካሪያዜ እ.ኤ.አ. በ1965 በሞስኮ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት አግኝቶበታል።

ጆርጂያ በአራተኛው መቶ ዘመን ክርስትናን የተቀበለች ጥንታዊት ሀገር ናት። ቤተ ክርስቲያኗ በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድነት የላትም፤ ሆኖም የሁለቱ ሀገሮች መነኮሳት በኢየሩሳሌም ለብዙ ዘመናት ጎረቤታሞች ሆነው ኖረዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጆርጂያ በሶቪየት ኅብረት ሥር ነበረች። ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝቧ ወደ 700,000 የሚሆን ሰው ወደ ጦር ሜዳ እንደ ዘመተ፣ ከእነዚህም 300,000 ያህሉ እንዳልተመለሰ ይነገራል። ይህም ማለት መርዶ ያልገባበት መንደር ማግኘት የሚያስቸግር ነበር ማለት ነው።

የፊልሙ ባለታሪክ ጊዮርጊ ማኻራሽቪሊ ይባላሉ። ጊዮርጊ በእኛ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ካኼቲ በሚባለው የምሥራቅ ጆርጂያ አውራጃ የሚኖሩ፣ እጃቸው በመቁረጫና በዶማ የሻከረ የወይን ገበሬ ናቸው። ጎዴርዚ የተባለ ታንከኛ ልጃቸው ቆስሎ ሆስፒታል መግባቱን ሲሰሙ ስንቃቸውን ይዘው ሊጠይቁት ይነሣሉ። ረጅም መንገድ ተጉዘው ሲደርሱ ግን ልጃቸው ድኖ ወደ ግንባር ተመልሷል። ሽማግሌው ወደ መንደራቸው መመለስ አልሆነላቸውም። የልጃቸውን ዱካ ሲከተሉ ከጦሩ ጋር ይቀላቀላሉ፤ በዕድሜያቸው ምክንያት ሊመልሷቸው የሞከሩትን አለቆች በልመናም በክርክርም አሸንፈው የወታደር ልብስ ይለብሳሉ፤ እየተዋጉም እስከ ጀርመን ምድር ይዘልቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ፊልሙ የተሠራው ጦርነቱ በድል የተጠናቀቀበት ሃያኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ስለ ድሉ መስማት በሚወድ መንግሥት ዘመን ነው። ሽማግሌ ሁሉ መሣሪያ አንሥቶ ልጁን ይከተል የሚል ትምህርት ከዚህ አንወስድም። ስለ ቤት ስለ ቀረችው እናትም ፊልሙ ብዙ አይነግረንም፤ ይህ ጉድለቱ ነው። የሚያስደንቀን ግን የእግዚአብሔርን ስም መጥራት በማይወደድበት ሀገርና ዘመን የተሠራ ሥራ አንድ አማኝ አባት ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ መንካቱ ነው። ልጁን ለጦርነት የሰጠ ሰው ልቡን ደግሞ ለማን ይሰጣል?

በጠላት ምድር የበቀለ ወይን

የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በፊልሙ ውስጥ እጅግ በታወቀው ክፍል ነው። ጦሩ በጀርመን ምድር እየገሠገሠ ሳለ አንድ ታንክ መንገዱን ለማሳጠር በወይን ቦታ ውስጥ ያልፋል። ግንዱ ይሰበራል፤ ሐረጉ በሰንሰለቱ ሥር ይደቅቃል። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ከታንኩ ፊት ሮጠው ይቆማሉ፤ ወጣቱን ታንከኛም በቁጣ ይመቱታል። ወይኑ የጠላት ነው፤ ለእርሳቸው ግን ወይን ነው። የአንድ ገበሬ እጅ ተክሎታል፤ ገርዞታል፤ ለዓመታት ጠብቆታል።

ለካኼቲ ሰው ወይን ምን እንደ ሆነ ያላወቀ የዚህን ቁጣ ምክንያት አይረዳውም። በጆርጂያ ወይን መጥመቅ ከተጀመረ 8,000 ዓመት ገደማ እንደ ሆነው በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች መስክረዋል። ዛሬም መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ ጋን የሚጠምቁ ገበሬዎች አሉ። ከዚህም በላይ ወይን የእምነታቸው ምልክት ነው። ጆርጂያን በስብከቷ ወደ ክርስትና የመለሰቻት ቅድስት ኒኖ ይዛው የመጣችው መስቀል ከወይን ሐረግ የተሠራና በገዛ ጠጕሯ የታሰረ ነበር። ክንዶቹ ወደ ታች ዘንበል ያሉት ያ መስቀል በዋና ከተማዋ በትብሊሲ በሲዮኒ ካቴድራል በክብር ይጠበቃል። እኛም በሀገራችን እመቤታችንን «ሐረገ ወይን» እያልን የምናመሰግን ነንና የሽማግሌው ልብ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሽማግሌው ያደረጉት ነገር በሕገ ኦሪት የተጻፈ መሆኑንም ልብ እንበል። እግዚአብሔር ለእስራኤል የጦርነትን ሥርዓት ሲሰጥ፣ ከተማን በከበቡ ጊዜ ፍሬ የሚያፈራውን ዛፍ በምሳር እንዳይቆርጡ ከልክሏቸዋል (ዘዳ. ፳፥፲፱)። ዛፉ ሰው አይደለምና ሊዋጉት አይገባም። በሉቃስ ወንጌል የምናገኘው የወይን አትክልት ሠራተኛም ፍሬ ያላፈራችው በለስ እንድትቆረጥ ባለቤቱ ባዘዘ ጊዜ፣ ዙሪያዋን ልኮትኩትላት፣ ፍግም ላፍስስላት ብሎ አንድ ዓመት ለምኖላታል (ሉቃ. ፲፫፥፮-፱)። ገበሬ እንዲህ ነው፤ ከመቁረጥ በፊት ይለምናል።

ልጁን በጦርነት ያጣ ወይም ለማጣት የተቃረበ ሰው ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው «እኔ ከነደድሁ ሁሉም ይንደድ» የሚለው ነው። የሌላው ልጅ፣ የሌላው ማሳ፣ የሌላው ቤት ዋጋ ያጣበታል። ይህ ስሜት ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን፤ የተሸከመውን ሰው ለመኰነንም አንቸኩልም። ሁለተኛው መንገድ ሽማግሌው የሄዱበት ነው። የገዛ ልጃቸው ነገር ስላንገበገባቸው የማንም የሆነ ሕያው ነገር ሲጠፋ ማየት አልቻሉም። አባትነታቸው አልጠበበም፤ ሰፋ እንጂ። የልጃቸውን እኩዮች እንደ ልጆቻቸው ተቆጧቸው፤ መከሯቸው፤ አጽናኗቸው። ወጣቱን ታንከኛ የመታው እጅም የአባት እጅ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እንዲመለስ ያልፈለገ አባት እጅ።

ፊልሙ የሚጠናቀቀው አባትና ልጅ በመገናኘታቸው ነው። በአንድ በፈራረሰ ሕንፃ ውስጥ ውጊያ እየተካሄደ ሳለ ሽማግሌው ከላይኛው ፎቅ የልጃቸውን ድምፅ ይሰማሉ። ይጠሩታል፤ ይመልስላቸዋል። ተኩሱን አልፈው ሲደርሱበት ግን ክፉኛ ቆስሏል፤ በእቅፋቸውም ያርፋል። ያን ሁሉ መንገድ የሄዱት ለዚህች ለጥቂት ደቂቃ ሆነ። በካኼቲ በጉርጃኒ ከተማ ዛሬ የወታደሩ አባት ሐውልት ቆሞ ይታያል።

ድሉ ወደ ልቅሶ የተለወጠበት ቀን

ጎዴርዚ የሞተው ጦርነቱ ሊያበቃ በተቃረበበት ጊዜ ነው። በዚያች ሰዓት ሌላው ወታደር ስለ ድሉ ያስባል፤ አባት ደግሞ ሬሳ ታቅፏል። መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያነብ ሰው ይህ ሥዕል ወዲያው ንጉሥ ዳዊትን ያስታውሰዋል።

አቤሴሎም በአባቱ ላይ ያመፀ፣ ዙፋኑንም የቀማ ልጅ ነበር። ዳዊት ግን ሠራዊቱን ወደ ጦርነት ሲልክ ለአለቆቹ ስለ ብላቴናው እንዲራሩለት በሕዝቡ ሁሉ ፊት አዘዛቸው (፪ኛ ሳሙ. ፲፰፥፭)። የድሉ ወሬ ሲመጣም አስቀድሞ የጠየቀው ስለ ልጁ ደኅንነት ነበር። መሞቱን በሰማ ጊዜ በበሩ ላይ ወዳለችው ሰገነት ወጣ፤ ሲወጣም እያለቀሰ የልጁን ስም ደጋግሞ ይጠራ ነበር፤ በእርሱ ፈንታ እርሱ ቢሞት ይመርጥ እንደ ነበርም ተናገረ። የዚያም ቀን ድል በሕዝቡ ሁሉ ዘንድ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። አሸንፎ የተመለሰው ሠራዊት ከሰልፍ ሸሽቶ እንደሚያፍር ሰው ተሸሽጎ ወደ ከተማ ገባ (፪ኛ ሳሙ. ፲፱፥፪-፫)።

ኢዮአብ ይህን አልታገሠም። ወደ ንጉሡ ገብቶ፣ ነፍስህን ያዳኑልህን ሰዎች ፊት አሳፍረሃል፣ የሚወዱህን ጠልተህ የሚጠሉህን ትወዳለህ ብሎ ገሠጸው። እንደ ጦር አለቃ ኢዮአብ የሚያስብለት ጉዳይ ነበረው። ሆኖም አቤሴሎምን በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የወጋው ራሱ ኢዮአብ መሆኑን አንርሳ። የአባትን እንባ ለማቆም ከሁሉ ቀድሞ የሚቸኩለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ያ እንባ የሚከሰው ሰው ነው።

ዳዊት ተነሥቶ በበሩ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም ወደ እርሱ መጣ። ሥራውን አልተወም። ነገር ግን መጽሐፉ ስለ ልቅሶው አንድም የነቀፋ ቃል አልተናገረም። ለኀዘንተኛው አባት ይህን ማሳየት ያስፈልጋል። ከእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ልቤ የተባለው ንጉሥ፣ በዘመረው መዝሙር ዛሬም የምንጸልይበት አባት፣ ስለ ልጁ በሕዝብ ፊት አልቅሷል።

ታዲያ ቅዱስ ጳውሎስ ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳናዝን የጻፈልንስ (፩ኛ ተሰ. ፬፥፲፫)? ቃሉን በጥንቃቄ ብናነበው ሐዋርያው ኀዘንን አልከለከለም። የከለከለው ተስፋ የሌለውን ኀዘን ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሊያለቅሱ ይችላሉ፤ አንደኛው የሚያለቅሰው ሁሉ ነገር አበቃ ብሎ ነው፤ ሌላው ደግሞ የሚወደው ሰው እስከ ትንሣኤ ድረስ ስለ ተለየው ነው። እንባቸው ቢመሳሰልም ኀዘናቸው አንድ አይደለም። ጌታችንም አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አለቀሰ (ዮሐ. ፲፩፥፴፭)። ትንሣኤን ማወቅ እንባን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ትንሣኤና ሕይወት የሆነው እርሱ ባላለቀሰም ነበር።

መጽሐፈ ሲራክም ለሞተ ሰው እንባን ማፍሰስ፣ ሥጋውንም እንደሚገባ ገንዞ መቅበር እንደሚያስፈልግ ያስተምራል፤ ከዚያም ልብን ለኀዘን ፈጽሞ አሳልፎ መስጠት እንደማይገባ ያስጠነቅቃል (ሲራ. ፴፰፥፲፮-፳፫)። ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨትን፣ ደረት መድቃትን፣ ራስን መጉዳትን የምትከለክለው ከዚህ የተነሣ ነው። የከለከለችውን ብቻ ይዘን የፈቀደችውን ብንረሳ ግን ሥርዓቷን በግማሽ እንይዘዋለን። ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያልን የምንቆጥራቸው ቀናት በመጀመሪያ ስለ ሟቹ ነፍስ ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋት የሚቀርብባቸው ናቸው። ለኀዘንተኛውም ጥቅም አላቸው። ኀዘን በሦስተኛው ቀን እንደማያልቅ ቤተ ክርስቲያን ስለምታውቅ ዓመት ሙሉ እየተመላለሰች ትጠይቀዋለች። ድንኳኑ ተነሥቶ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ የሚመጣው አርባ ለአባትየው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይከብደው ይሆናል፤ በዚያች ቀን ግን ብቻውን አይደለም።

ሬሳው ላልተገኘለት አባት

ሽማግሌው ጊዮርጊ በአንድ ነገር ከብዙ አባቶች ይሻላሉ። ልጃቸውን አግኝተውታል፤ ዓይኑን በእጃቸው ከድነውለታል ለማለት ይቻላል። በሀገራችን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍል በተደረገው ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በየቦታው ባልበረደው ግጭት ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። በየትኛው ወገን ተሰልፎ ነበር የሚለውን ለመጠየቅ አይደለም የምንጽፈው፤ መርዶ በየትኛውም ቋንቋ ቢነገር መርዶ ነው። ከእነዚህ ወላጆች መካከል የልጁን መቃብር የማያውቅ፣ ከዚያም የከፋው መሞቱንም መኖሩንም የማያውቅ አለ። እንዲህ ያለው አባት ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። ማልቀስ በልጁ ላይ መፍረድ ይመስለዋል፤ አለማልቀስም መርሳት ይመስለዋል።

ይህ አባት ከአባቶች አለቃ ከያዕቆብ ጋር ይቀመጥ። ያዕቆብ ሬሳ አላየም። ያሳዩት በደም የተነከረ ቀሚስ ነበር። ልብሱን ቀድዶ፣ ማቅ ታጥቆ ብዙ ቀን አለቀሰ፤ ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ቢነሡም መጽናናትን እንቢ አለ (ዘፍ. ፴፯፥፴፩-፴፭)። ዮሴፍ ግን በሕይወት ነበር፤ አባቱ እስኪያየው ድረስ 22 ዓመት ያህል አልፏል። ይህን የምንጠቅሰው ልጅህ በእርግጥ ይመለሳል ብለን ባዶ ተስፋ ለመስጠት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው ያዕቆብ እንኳ በዚህ ባልተዘጋ ኀዘን ውስጥ ብዙ ዘመን መኖሩን፣ በዚያም ዘመን ሁሉ እግዚአብሔር ከእርሱ እንዳልራቀ ለማሳየት ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ቤተሰብ ምን ያድርግ? መሞቱ በታመነ መንገድ የተረጋገጠለት ቤተሰብ፣ ሥጋው በሩቅ ቢቀርም፣ የልጁን ስመ ክርስትና ይዞ ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። ጸሎት በርቀት አይወሰንም፤ የምድር ሁሉ አፈር የእግዚአብሔር ነውና። ነገሩ ያልተረጋገጠለት ደግሞ ሰዎች «አውጣውና ይውጣልህ» እያሉ ስለ ገፋፉት ብቻ ተዝካር ለማውጣት አይቸኩል፤ ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር። ካህናትም ይህን ጥያቄ ይዞ የመጣን ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ባይመልሱት መልካም ነው። የኢዮብ ወዳጆች አሥር ልጆቹን ከቀበረው ሰው ጋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ያለ ቃል በምድር ላይ ተቀምጠው ነበር (ኢዮብ ፪፥፲፫)። የተሳሳቱት መናገር ከጀመሩ በኋላ ነው።

የእድር ሰዎችም ቢሆኑ አንድ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። ቀላል ቢመስልም ለብዙዎች ያልተደረገ ነገር ነው። ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ እንግዳ የመቀበሉን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥተው አባትየውን ከሽማግሌዎቹ መካከል ያስቀምጡት። «አይዞህ» ከማለት አስቀድመው ስለ ልጁ ይጠይቁት፤ ምን ይወድ እንደ ነበር፣ ሲሄድ ምን ብሎ እንደ ተሰናበተው። ስሙን ይጥሩለት። ልጁ የሞተበት ሰው የሚፈራው የልጁን ስም መስማት ነው ብለን እናስባለን፤ እንዲያውም የሚፈራው ስሙን የሚጠራው ሰው እንዳይጠፋ ነው።

በቅዳሴያችን ስለ ሕሙማን፣ ስለ ዝናብና ስለ ምድር ፍሬ፣ ስላንቀላፉት፣ በመንገድ ስላሉትም መስተብቁዕ ይቀርባል። ልጁ ከሙታን ይሁን ከሕያዋን ያላወቀ አባት በየትኛው ጊዜ ይጸልይ ብሎ ቢጠይቀን፣ በመንገድ ስላሉት ሲጸለይ በወንዶቹ መቆሚያ እንዳለ የልጁን ስመ ክርስትና ቀስ ብሎ ይጥራ እንለዋለን። ስላንቀላፉት ሲጸለይም ቢጠራው እግዚአብሔር የት እንዳለ ያውቀዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።